የድሮ ቤት ላይ ኪችን ለምትቀጥሉ
ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ የድሮ የድንጋይ ቤት ላይ ዘመናዊ ኪችን ልትቀጥሉ ካሰባችሁ፣ ከካቢኔቱ በፊት መገጣጠሚያውን አስቡ። አሮጌው ግድግዳ ከመሬቱ ጋር ተደላድሎ ተቀምጧል። አዲሱ ብሎኬት ግን ገና ዝቅ ይላል። አንድ ላይ ካያያዛችኋቸው መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ አዲሱ የራሱ መሠረት ይኑረው። በሁለቱ መሃል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉና በሚለጠጥ ማሸጊያ ዝጉት፤ ከላይ ዝናብ እንዳያስገባ ቆርቆሮ አልብሱት። ግንበኛው «በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ! የድሮው ልስን ኖራ ከሆነም በኖራ ጠግኑት፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል። ምድጃውን በምዕራብ በኩል አታድርጉት፣ የድሬ የከሰዓት ፀሐይ ብቻዋን ትበቃለች። ጣሪያውም ከፍ ይበል፤ ሙቀት የሚወጣበት መስኮት ከላይ ይኑረው።