የብሎን ቀዳዳ ለሌለው ብስክሌት የፊት ዕቃ መጫኛ ማሰር

ባሕር ዳር መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ዕቃ ለመሸከም ይመቻል። የእኔ ግን ፊተኛው ሹካ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ብረት፣ መጫኛ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ የለውም። ይበየድልህ ያሉኝ አሉ፤ የሹካ ብረት እሳት ሲነካው እንደሚደክም ስለማውቅ እንቢ አልኩ። በቀበቶ የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚወልቅ መጫኛ ይበቃል።

ሹካውን ጠርጋችሁ አድርቁ፤ የቀረ አሸዋ ቀለሙን ይፍቃል። ቀበቶው የሚያርፍበትን ቦታ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሉ፤ መንሸራተትን የሚከለክለው እሱ ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን በእኩል ከፍታ፣ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የፍሬን ገመድ ከቀበቶው ሥር እንዳይገባ። ትርፉን ጫፍ ደግሞ አጥፋችሁ እሰሩት፤ ጎማው ከጠለፈው በግንባር መደፋት ነው!

ሹካው ስፕሪንግ ካለው ሁሉም ማሰሪያ ከጎማው ጋር በሚንቀሳቀሰው በታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ይሁን። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ከታሰረ ጉድጓድ ስትገቡ መጫኛው ይላቀቃል። የካርቦን ሹካ ላይ ግን አምራቹ ካልፈቀደ አትሞክሩት።

ሳትጭኑ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ፣ ፍሬን ያዙ፣ ሹካውን ተጭናችሁ ጎማው መጫኛውን እንዳይነካ እዩ። ሽንኩርትና ዳቦ ፊት፣ ጤፉ ኋላ። ጥቂት እንደሄዳችሁ ቆማችሁ ቀበቶውን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀበቶ ይረግባል።