ሶላሩ ቀን ሞልቶ ማታ ለምን ያልቃል?

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር፤ ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጠፋብን።» ቤቱ ሶላር ካስገባ ሰው በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። ወዲያው የሚታሰበው ደግሞ ሌላ ፓነል መግዛት ነው። ቆይ፣ ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት ያለው የት እየባከነ እንደሆነ እንይ። የማወራው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ስላለው የተለመደ የቤት ሶላር ነው።

ማታ ምንም ሳይበራ አድሮ ጠዋት ባትሪው ደክሞ ይገኛል

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኢንቨርተሩን ነው። 12 ቮልቱን ወደ 220 የሚቀይረው ይህ ሳጥን ምንም ባይሰካበትም ለራሱ ይበላል። ለምሳሌ በባዶው 15 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ 24 ሰዓት ሲበራ 360 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 100 ዋት ፓነል ደግሞ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን የሚሰጠው 400 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ፓነሉ ለማን እየሠራ እንደሆነ አስቡት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ኢንቨርተሩን ራሱን በማጥፊያው አጥፉት። አምፖሎቹን ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ አድርጋችሁ ከኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ሳጥን፣ የአምፖል መውጫ አብሩ። ስልክም ኮንትሮለሩ ላይ ባለው ዩኤስቢ ይሞላል። ለአንድ ስልክ ብሎ ኢንቨርተር ማብራት ኪሳራ ነው።

ይህን አድርጋችሁም ጠዋት የሚደክም ከሆነ ባትሪውን ለኩ። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ መልቲሜትሩ (የቮልት መለኪያው) 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካለ ግማሽ ነው። ማታ ሞልቶ፣ ምንም ሳይጠቀሙበት አድሮ ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። መለወጥ ነው።

ፀሐዩ ጠራርቶ ወጥቶ ኮንትሮለሩ የሚያሳየው አምፔር ትንሽ ነው

ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላ የት እንደሚያርፍ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የራስ ወይም የጎረቤት ዲሽ ነው። የፓነሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ጥግ ላይ ያረፈች ጥላ ሌሎቹንም ይዛ ትወርዳለች። ዲሹን ወይም ፓነሉን አንዱን አዛውሩ።

በበጋ ደግሞ አቧራ አለ። ማለዳ ፓነሉ ሳይግል በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ቴሌቪዥን ሲበራ ኢንቨርተሩ ይጮሃል

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከጮኸ ገመዱን ዳስሱት። ከሞቀ ቀጥኗል ማለት ነው። 300 ዋት በ220 ቮልት 1.5 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ በ12 ቮልት ግን 25 አምፔር ነው። ስለዚህ የቤት መብራት ሽቦ እዚህ ቦታ አይሆንም። ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር አጭርና ወፍራም ገመድ አድርጉ።

የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ እሱም መንገድ ይዘጋል። መጀመሪያ ኢንቨርተሩን አጥፉ፣ ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ንቀሉ፣ ከዚያ ባትሪውን። በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጽድታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩና ቫዝሊን ቀቡት። መልሳችሁ ስታገናኙ ባትሪው ይቀድማል፤ ፓነሉ መጨረሻ።

ካውያ ወይም ምጣድ ሲሰካ ሁሉም ይጠፋል

ይሄ ብልሽት አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ለብቻው ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ሶላር አይችለውም። እሱን ለመስመር መብራቱ ተዉለት።