ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት፦ እንዴት ታውቂዋለሽ? ምንስ ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። በወለድሽ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሆድ ቢብስሽ፣ እንባሽ ያለ ምክንያት ቢመጣ አትደንግጪ። ሆርሞን በድንገት ሲወርድና እንቅልፍ ሲጠፋ ብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ድብርት ሊሆን ይችላል። ክርስትናው ካለፈ፣ ጠያቂው ከተበተነ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል።

ቀጥሎ ራስሽን ጠይቂ። ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱም ጸጥ ብሎ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ይህን ጥያቄ እኔ ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። አራስ መድከሟ ያለ ነው፤ መተኛት እየቻለች እንቅልፍ ሲርቃት ግን ልብ ሊባል ይገባል። ምግብ አስጠልቶሻል? ሰው ሲመጣ መደበቅ ያምርሻል? ልጁን ስታቅፊው ምንም አይሰማሽም?

ከዚያ ለአንድ ሰው ንገሪ። ከባዱ ይሄ ነው። አራስ ቤት የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ልጁና ስለ ጡቱ ነው። «ጤነኛ ልጅ ሰጥቶሽ ምን ያስለቅስሻል?» የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ የሚያዳምጥሽን ምረጪ፤ እናትሽ፣ እህትሽ ወይም ባልሽ ሊሆን ይችላል። «ደክሞኛል» ብቻ ካልሽ «ተኚ» ብለው ያልፉታል። «ሁለት ሳምንት አልፎኛል፣ አልቻልኩም፣ ጤና ጣቢያ አብረሽኝ ሂጂ» በያት።

ጤና ጣቢያ ለመሄድ የልጁን የ45 ቀን ክትባት አትጠብቂ። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራ ጠይቂ። ሕክምናው የምክር አገልግሎት፣ ካስፈለገም መድኃኒት ነው። የምታጠባ እናት የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ስላሉ ማጥባትሽን ንገሪያቸው። ጸበል ብትሄጂም መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንቅልፍሽን አስከብሪ። ካጠባሽ በኋላ ባልሽ ልጁን ተቀብሎ ያስገሳው፣ ያስተኛው። አራት አምስት ሰዓት ሳትነሺ መተኛት ትልቅ ነገር ነው።

ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ቤተሰብ «ንግግሯ ተቀያየረ» ካለ፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። «ቡዳ ነው፣ ምች ነው» እየተባለ አይታደር። ልጁን ሌላ ሰው ይያዝ፤ እናትየዋንም ለደቂቃ ብቻዋን አትተዉ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷት።