ለቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ የሚሰጥ የጣቢያ ሞዴል፦ ችግርና መፍትሔ

ከምድር ባቡር ጡረታ ለወጡት አባቴ የድሬዳዋን ጣቢያ በ1፡87 መጠን አሳንሼ በእጄ ስሠራ ያጋጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከኮላውና ከውሃው ነበር። አንዱ ግን ገና ዕቃ ሲገዛ የሚፈጠር በመሆኑ እሱን አስቀድማለሁ።

ሕንፃውና ዛፉ አምሮ ሳለ ሞዴሉ የድሮውን መስመር አልመስል ካለ የሐዲዱ ስፋት ይለካ። በዚህ መጠን በብዛት የሚሸጠው የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚወክለው 1.435 ሜትር ስፋት ያለውን መስመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ለስዊዘርላንድ ጠባብ መስመሮች ሞዴል የሚሸጠውን የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ መግዛት ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ልዩነቱን ላያስተውል ይችላል፤ ዕድሜውን ሐዲድ ላይ የፈጀ ሰው ግን ገና ከሩቅ ያውቀዋል።

ሞዴሉ የሚያርፍበት የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ከጎበጠ ምክንያቱ እርጥበት የጠጣው በአንድ ፊቱ ብቻ መሆኑ ነው። ሥራው ሳይጀመር ሁለቱም ፊት ቀለም ይቀባ፤ ከሥሩም አግዳሚ እንጨት በብሎን ይታሰር።

ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጠጠሩ ነው። በሐዲዱ መሐል የተነሰነሰው ደቃቅ ጠጠር ኮላ ሲንጠባጠብበት ተንሳፎ እንደ ዶቃ ከተድቦለቦለ፣ ደረቁ አቧራ ውሃውን ወደ ውስጥ አላስገባ ብሎ ነው። ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ ይቀጠንና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበት፤ ጠጠሩ አስቀድሞ ሳሙና በነካው ውሃ እንደ ጤዛ ተረጭቶ ከራሰ በኋላ፣ ኮላው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከመሐል ወደ ዳር ጠብ ጠብ ይደረግና እስከ ማግሥቱ ሳይነካ ይቆይ። እኔ በዚያው ምሽት በጣቴ ልሞክረው ብዬ አንድ ስንዝር ያህል ነቅዬ እንደገና ሠርቻለሁ። ለጠጠር የሚሆነው አሸዋ እንደ እኔ ከድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ የተዘገነ ከሆነ ደግሞ ማግኔት ይመላለስበት፤ ብረት ያለበት ቅንጣት የባቡሩ ሞተር ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል።

ባቡሩ እየቆመ የሚሄድ ከሆነ ሐዲዱ ላይ የደረቀ የኮላ ስስ ሽፋን ኤሌክትሪኩን ከልክሎታል፤ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ብርጭቆ ወረቀት የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ስለሚይዝ አይመከርም። የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የሐዲዱ መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነውና ከሁለቱም ወገን ቀጭን ሽቦ በስታኞ ይበየድበት።

ለኮረብታ የተቀረጸው ነጭ ፎም የሚቀልጠው በስፕሬይ ቀለም ነው፤ የውሃ ቀለም በብሩሽ ይቀባ።

ስጦታው መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ባቡሩ ራሱ ተንሸራትቶ ሕንፃውን ሲመታ ነው። ሰሌዳው ከካርቶኑ ወለል ጋር ይታሰር፤ ባቡሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይያዝና ሐዲዱ ላይ የማስቀመጡ ሥራ ለተቀባዩ ይተውለት።