ጁን ላይ የት ነበርን? የፓርቲያችን ዕጩ ሲያናድደን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ፣ ኮለምቢያ ፓይክ አካባቢ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አንድ ዓይነት ንትርክ ይነሳል። "ይሄን ሰውዬ ደግሞ ከየት አመጡብን?" ይላሉ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ፣ በፖስታ የደረሳቸውን የዕጩ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል እያደረጉ። ሁላችንም እንስማማለን። ፓርቲውን እናብጠለጥላለን። አንድ ቀን ግን ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን "ጋሼ፣ ጁን ላይ ድምፅ ሰጥተው ነበር?" አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ስኒዬን ማየት ጀመርኩ። አልሰጠሁማ።

ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህ

ኖቬምበር ላይ የምናየው የድምፅ መስጫ ወረቀት የነገሩ መጨረሻ ነው። ዕጩው የሚለየው ከወራት በፊት፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጁን ላይ፣ በፕራይመሪ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው። ፕራይመሪ ደግሞ ጭር ያለ ነገር ነው። ሰልፍ የለም፣ ቴሌቪዥኑም ብዙ አያወራለትም።

ጭር ማለቱ ግን ለተናደደ ሰው ጥሩ ዕድል ነው። በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ጆ ክራውሊ ከ1999 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ የነበሩ፣ በምክር ቤቱ ዲሞክራቶች አመራር አራተኛው ሰው ነበሩ። ለ14 ዓመታት በፕራይመሪ የተፎካከራቸው አልነበረም። ጁን 26 ቀን የ28 ዓመቷ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ አሸነፈቻቸው። ድምፅ የሰጠው ሰው ስንት ነበር? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ባለበት የኩዊንስና የብሮንክስ ወረዳ፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 30 ሺህ ገደማ። ያን ዕለት ማታ የወጣ አንድ ጎረቤት ኖቬምበር ላይ ከሚወጣው ጎረቤት ብዙ እጥፍ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

እና ኦክቶበር ላይ ቡና ቤት ውስጥ የምናወጣው ጉልበት ባዶ ሜዳ ላይ ነው የሚፈሰው።

የሚኖሩበትን ስቴት ደንብ አለማወቅ

ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ "የየትኛው ፓርቲ ነህ?" ተብሎ አይጠየቅም። በፕራይመሪው ቀን ሄዶ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቆ ይመርጣል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ጨዋታው ይለወጣል። ዲሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ብላችሁ በጊዜ ካልተመዘገባችሁ፣ በዚያ ፓርቲ ፕራይመሪ ዕጩ መምረጥ አትችሉም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመዴ "እኔ ለማንም ፓርቲ አልወግንም" ብሎ ኮርቶ ተመዝግቦ፣ ፕራይመሪው ሲደርስ በሩ ላይ ቀርቷል።

ይሄ የስደተኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የኒውዮርክ ፕራይመሪ ኤፕሪል ላይ ነበር። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ግን ከስድስት ወር በፊት፣ እስከ ኦክቶበር 2015 ድረስ ብቻ። ኢቫንካና ኤሪክ ትራምፕ ቀኑ አለፈባቸው። የገዛ አባታቸው እየተወዳደሩ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ስቴቱ በኋላ ደንቡን አላልቶታል።

"ፓርቲው" ማለት ማን እንደሆነ አለመጠየቅ

"ፓርቲው ወሰነ" እንላለን። የቱ ፓርቲ? ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ ኮሚቴ? የስቴቱ? የካውንቲው? ብዙ ጊዜ የሚያናድደን ውሳኔ የሚወሰነው ከቤታችን በጣም በቀረበ ቦታ ነው።

እዚሁ ቨርጂኒያ ያለውን ፌርፋክስን እንውሰድ። የኮንግረስ አባሉ ጄሪ ኮኖሊ በሜይ 2025 ሲያርፉ ለማሟያው ምርጫ ዕጩ መቅረብ ነበረበት። ዲሞክራቶቹ ፋየርሃውስ ፕራይመሪ የሚባለውን መንገድ መረጡ። ይሄኛውን ምርጫ መንግሥት ሳይሆን ፓርቲው ራሱ በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚያካሂደው። የድምፅ መስጫ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው። ቀኑም ይቀርባል። ጁን 28 ተጠናቀቀና ጄምስ ዎኪንሾው አሸነፈ። የኮኖሊ የቀድሞ የቢሮ ኃላፊ ነው፣ ኮኖሊም በሕይወት እያሉ ደግፈውታል። ሴፕቴምበር ላይ ወንበሩን በቀላሉ ወሰደ። ሥራውን ያውቀዋል የሚሉ አሉ። በውርስ ተላለፈ የሚሉም አሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በዚያ ወረዳ የዲሞክራቶች ዕጩ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ወንበሩን ይይዛል። ስለዚህ ዋናው ምርጫ ያ የጁን ምርጫ ነበር። እኛ ሰፈር ግን መኖሩን የሰማው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ዕጩ በምን መንገድ ይመረጥ የሚለውን የሚወስኑት እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ናቸው። አባሎቻቸው ደግሞ እንደኛው ያሉ ጎረቤቶች ናቸው፣ ልዩነቱ ስብሰባ መሄዳቸው ብቻ ነው። አንዴ ሄጄ አይቻለሁ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር፣ ብስኩቱም ደረቅ።

ወዲያው "ተሰረቅን" ማለት

ማዳላትና መስረቅ ይለያያሉ። በ2016 ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ለፕሬዚዳንት ዕጩነት የተፎካከረው የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊዎች በዲሞክራቶቹ ብሔራዊ ኮሚቴ ላይ የነበራቸው ቅሬታ መሠረት ነበረው። ጁላይ ላይ አፈትልከው የወጡት ኢሜይሎች አንዳንድ የኮሚቴው ሠራተኞች ለሳንደርስ ጥሩ ስሜት እንዳልነበራቸው አሳዩ። ሊቀመንበሯ ሥልጣን ለቀቁ። ግን ሂላሪ ክሊንተን ያገኙት የሕዝብ ድምፅም ከሳንደርስ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ "ሌቦች!" ብሎ ከፓርቲው የወጣ ሰው ምን እንዳተረፈ አላውቅም። የቀሩት ግን ደንቡን ያዙት። ሱፐርዴሊጌት የሚባሉት የፓርቲ ባለሥልጣናት የፕሬዚዳንት ዕጩ በሚሰየምበት ጉባኤ እንደፈለጉ ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ2018 ኦገስት ላይ በመጀመሪያው ዙር፣ ዕጩው ካልታወቀ በቀር፣ ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። አሰልቺ የደንብ ለውጥ ይመስላል። ቁጣው ያተረፈው ትልቁ ነገር ግን እሱ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ይሄኛው የኛው ነው። በ2021 ቨርጂኒያ ገዥ ስትመርጥ፣ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ላይ የያዘው አቋም አናዷቸው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል። አቋሙ ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን እዚህ አልከፍተውም፤ ከከፈትኩት ቡናው ይቀዘቅዛል። ነገር ግን የቨርጂኒያ ገዥ ለአፍሪካ ፖሊሲ አያወጣም። የተቀጣው የዲሞክራቶቹ ዕጩ ቴሪ ማኮሊፍ ነበር። በኋላ ደግሞ "እኛ ነን የጣልነው" የሚል ወሬ ሰማን። ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ነበር፤ ማን በማን ምክንያት እንደመረጠ የቆጠረልን የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት ቤት መቅረት ነው። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ማንም አይጠይቀውም፤ ታሞም ሊሆን ይችላል። ቁጣ በቁጥር ሲታይ ግን ይለያል። ፌብሩዋሪ 2024 ሚሺጋን ውስጥ በባይደን የጋዛ ፖሊሲ የተቆጡ ዲሞክራቶች በፕራይመሪው ወረቀት ላይ "ለማንም አልወሰንኩም" የሚለውን ሳጥን መረጡ። ከ100 ሺህ በላይ ሆኑ፣ በፓርቲው ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡ ሁለት ተወካዮችም (ዴሊጌት) አገኙ። የሚፈልጉትን ሁሉ አላገኙም። ግን ተቆጠሩ።

"በቃ በግሉ ይወዳደር!"

ጋሼ ይህቺን ይወዷታል። የወደድነው ሰው በፕራይመሪ ሲወድቅ፣ በግሉ ገብቶ እንዲያሳያቸው እንፈልጋለን። ብዙ ስቴቶች፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ በፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው ስሙ በኖቬምበሩ ወረቀት ላይ እንዲታተም አይፈቅዱም። የሚቀረው መራጩ ስሙን በእጁ እንዲጽፍለት ማድረግ ነው። በ2010 አላስካ ውስጥ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ እንዲህ አድርገው አሸንፈዋል። ገንዘብም ስምም የነበራቸው፣ ወንበሩ ላይ ያሉ ሴት ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ስማቸው እንዳይሳሳት የተጻፈበት የእጅ አምባር ለመራጩ ማደል ነበረባቸው። ተፎካካሪያቸው ፊደል የተሳሳተበት ድምፅ አይቆጠር ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

አሁን የኛን ስም አስቡት። ጋሼ የራሳቸውን ስም በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በፓስፖርታቸው ላይ በሌላ ነው የሚጽፉት።