«አንዴ ልየው ብቻ»፦ እየነዱ ስልክ የሚነኩ ሾፌሮች ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ እየነዳ ስልክ የሚያነሳን ሾፌር ብትቆጡት መልስ አያጣም። ስህተቱም እዚያው መልሱ ውስጥ ነው።

«ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳው።» በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። የደወለውን ሰው ስም ለማየት 3 ሴኮንድ ካጎነበሰ፣ ከ30 ሜትር በላይ በጭፍን ነድቷል። ፒያሳ ላይ 30 ሜትር ብዙ ነው። ተማሪ ይሻገራል፣ ጭነት የያዘ አህያ ይገባል፣ ፊት ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ቀጥ ይላል። ፍሬቻ ማሳየትን እንደ ውለታ የሚቆጥርም አይጠፋም።

«ቴሌብሩ ገብቷል ወይ?» እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ተሳፋሪው መውረጃው ሲቃረብ ሂሳቡን ይልካል። ሾፌሩ እየነዳ መልእክቱን ይፈልጋል። በባጃጅ የቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ የግራው ፍሪሲዮንና ማርሽ ይይዛል። ስልኩን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ከየት ይመጣል? ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እዩ። ተሳፋሪም ብትሆኑ ከቆመ በኋላ ላኩ፣ መላካችሁንም በራሳችሁ ስልክ አሳዩት።

«ኢርፎን አድርጌያለሁ።» የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ነው። እጅ ነፃ መሆኑም ብዙ ለውጥ አያመጣም። የአዘዞን መንገድ ይዞ ከሚስቱ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቅ ሰው እጁ መሪው ላይ ቢሆንም ልቡ ቤት ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲከፋ አይቶ ዝም ይላል። ደዋዩ ግን ምን ያያል?

«እማየ ናት፣ ካላነሳሁ ትጨነቃለች።» እውነት ነው፣ ትጨነቃለች። ስለዚህ ጉዞ ሳትጀምሩ «ደባርቅ ስደርስ እደውላለሁ» በሏት። ደዋይም «እየነዳህ ነው?» ብሎ መጠየቅና መዝጋት ይልመድ።

ለማንሳት ብሎ መቆም ጥሩ ነው፣ ኩርባ ላይ ካልሆነ። ሊማሊሞ ላይ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና የቆመ መኪና የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም አቅጣጫ የምትታዩበትን ቦታ ምረጡ።

«ትራፊክ የለም።» የትራፊክ ደንቡ ትራፊክ ፖሊስ ባይኖርም ይሠራል። ትራፊክ ሲያዩ ስልኩን ጭን ላይ የሚጥሉማ የባሰ ያደርጉታል፤ ቀጥሎ ሲያነቡ ዓይናቸው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። ከጭን የተንሸራተተ ስልክ ደግሞ ፍሬን ሥር ሊገባ ይችላል። ከወደቀ ይውደቅ፣ ጎንበስ እንዳትሉ። ዳር ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ ታነሱታላችሁ።