የድሮ የእንፋሎትና የግንድ ጫኝ ባቡር ስትስሉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካስ የምትባል ትንሽ የጣውላ ከተማ አለች፣ ከ1901 ጀምሮ ከተራራው ግንድ እያወረደ ለመሰንጠቂያው ያቀርብ የነበረው ሃዲድ ዛሬም አለ፣ አሁን የሚጭነው ጎብኚ ነው። ከዲሲ አካባቢ ለምንኖር ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ነው፣ አንዴ ሄጄ ሼይ የሚባለውን፣ ጎማዎቹን በጊር የሚያዞር ሎኮሞቲቭ ዳገቱን ሲወጣ ካየሁት ወዲህ ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር እጄ ወደሱ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው እንደዚህ አይነት ባቡር ሲስል አያለሁ፣ ስህተቶቹ ደሞ ተመሳሳይ ናቸው፣ እኔም አብዛኞቹን ሰርቻቸዋለሁ።

አንደኛው ፎቶ መገልበጥ ነው። ባቡሩ ወደ ቀኝ ቢሄድ ለስእሉ ያምራል ብዬ ፎቶውን ገልብጬ ሳልኩት፣ የመጣው ሁሉ ቆንጆ ነው አለኝ፣ ድሮ ባቡር ላይ የሰሩ አንድ ሽማግሌ ግን ገና ሲያዩት ሲሊንደሮቹ በየት በኩል ዞሩ ብለው ጠየቁኝ። ልክ ናቸው። ሼይ ላይ ሲሊንደሮቹ፣ ማለትም እንፋሎት የሚገፋው ፒስተን የሚመላለስባቸው ቱቦዎች፣ ቀጥ ብለው ቆመው በቀኝ ጎን ብቻ ነው የሚደረደሩት፣ ክብደቱ እንዲመጣጠን ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ከመሀል ወደ ግራ ገፋ ብሎ ይቀመጣል፣ ከስር ደሞ አንድ ረጅም ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) በቀኝ ጎን ተዘርግቶ በየጎማው ላይ ያለውን ጊር ያዞራል። በግራ በኩል ብታዩት ምንም የሌለው ነው የሚመስለው። ፈልሳፊው ኢፍሬም ሼይ ፓተንቱን ያወጣው በ1881 ነው፣ ላይማ ኦሃዮ የነበረው ፋብሪካ የመጨረሻውን እስከሰራበት እስከ 1945 ድረስ ከ2,700 በላይ ወጥተዋል፣ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር ሁሉም በቀኝ ናቸው። ፎቶውን ስትገለብጡት ማንም ያልሰራው ማሽን ነው የሚወጣችሁ።

ሁሉንም የጊር ባቡር ሼይ ማለትም አለ፣ ግን ሌሎች አይነቶችም አሉ። ክላይማክስ የሚባለው ሲሊንደሮቹ ጋደም ብለው በሁለቱም ጎን ናቸው፣ ሄይስለር የሚባለው ደሞ ሁለቱ ሲሊንደሮች ከግራና ከቀኝ ወደ መሀል አዘንብለው ከቦይለሩ ስር ይገናኛሉ፣ የሁለቱም ሻፍት በመሀል ነው የሚሄደው። ጊር የሌለው ተራ ባቡር ከሆነ የምትስሉት ደሞ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት ጎማው የትም ይድረስ የት ሁልጊዜ ከሃዲዱ ጋር ትይዩ ነው፣ ዘንበል ካደረጋችሁት ባቡሩ ተሰብሯል ማለት ነው።

ፍጥነት ላይም እንሳሳታለን። የሼይ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ስለሆነ አይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት የሚበር ይመስላችኋል፣ ግን ፒስተኑ ብዙ ተመላልሶ ነው ጎማው አንዴ የሚዞረው፣ ባቡሩ ራሱ በብስክሌት ፍጥነት ነው የሚሄደው። ካስ ላይ ዳገቱ እስከ 11 ፐርሰንት ይደርሳል፣ እንደዛ አይነት ቦታ ላይ ጢሱን ወደኋላ አስተኝቶ ዛፎቹን ማደብዘዝ ውሸት ነው፣ ነፋስ ከሌለ ጢሱ ወደ ላይ ነው የሚቆለለው።

ጢሱ ራሱ ብዙ የሚወራበት ነው። ጥቁር ጢስ ሀይል ይመስለናል፣ እውነታው ግን በደንብ ያልተቃጠለ ከሰል ነው፣ ጎበዝ እሳት ጠባቂ አዲስ ከሰል ሲጨምር ትንሽ ጠቆር ይልና ወዲያው ይጠራለታል። ነጩ ደሞ እንፋሎት ነው፣ እሱም እንደ አየሩ ነው፣ በብርድ ጠዋት ትልቅ ደመና ይሰራል፣ በሞቃት ደረቅ ቀን ግን ወጣ ከማለቱ ይጠፋል። ማንቆርቆሪያ ሲፈላ አፉ ጋ ምንም የማይታይበት ትንሽ ክፍተት አለ አይደል፣ ነጩ የሚጀምረው ከዛ ራቅ ብሎ ነው፣ የባቡሩ ቫልቭ ላይም እንደዛው ስለሆነ ነጩን ቀለም ከብረቱ ጋ አታጣብቁት። ሌላው የሚረሳው፣ መሰንጠቂያው ብዙ ጊዜ ታች ወንዝ ዳር ስለሆነ ግንድ የጫነ ባቡር አብዛኛውን ወራጅ ነው፣ ሲወርድ ሎኮሞቲቩ ያን ያህል አያጨስም፣ ጭንቁ ሸክሙን መያዝ ነው፣ ፉርጎ ላይ ቆሞ ፍሬን የሚያጠብቀውን ሰውዬ ሳሉት እስኪ፣ ከጢሱ በላይ ይናገራል።

ቀለም ላይ ባጭሩ፣ ከቱቦ የወጣ ጥቁር ብቻ አትቀቡ። የፊቱ ክፍል ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ጀርባው ሰማዩን ያንፀባርቃል፣ ጎኑ ዝገትና ቅባት ነው፣ ኡልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀላቅሉና ሞክሩት።

እኔን በጣም የሚያመኝ ግን ጫካው ነው። ግንድ የጫነ ባቡር በለምለም ጫካ መሀል ሲያልፍ ተስሎ አያለሁ፣ ግንዱ ከየት መጣ ታዲያ? ባቡሩ በሄደበት ሁሉ ተራራው ተመልጦ ጉቶ፣ የተቃጠለ ቅርንጫፍና ጭቃ ነበር የቀረው። ዛሬ ካስ ብትሄዱ ተራራው መልሶ በቅሏል፣ ያንን አረንጓዴ ፎቶ አንስታችሁ የ1910 ባቡር ከጨመራችሁበት ሁለት ዘመን ነው የቀላቀላችሁት። የዛፉ መጠንም አለ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን አንዱ ግንድ ብቻውን ፉርጎ የሚሞላበት ጊዜ ነበር፣ የካስ ስፕሩስ (ጥድ የሚመስል ዛፍ) ግን እንደሱ ስላልሆነ ብዙ ግንድ ተደራርቦ ነው የሚጫነው። ዲሲ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያው ነፃ ነው፣ አሜሪካዊው ሰአሊ ጆርጅ ኢነስ በ1856 ገደማ የሳለውን የላካዋና ሸለቆ የሚባል ስእል ሄዳችሁ እዩት፣ ያዘዘው የባቡር ድርጅቱ ራሱ ነው፣ ኢነስ ግን ከፊት ለፊት ያስቀመጠው ሜዳ ሙሉ ጉቶ ነው፣ ባቡሩ ከሱ ወዲያ በሩቁ ትንሽ ሆኖ ይመጣል።

እሱን ካየሁ በኋላ ቅደም ተከተሌን ቀየርኩ፣ አሁን የያዝኩት ካንቫስ ላይ መጀመሪያ ጉቶዎቹን ነው የሳልኩት፣ የባቡሩ ቦታ ገና ባዶ ነው።